17 ሊትር ኬዝ፣ ሁለት 240 ራዲያተር፣ አንድ ሉፕ፦ እቃ ከመገዛቱ በፊት እቅዱን እዩልኝ

#1 ጠባቡ_ኬዝ

ሰላም ለሁላችሁም። በሚኒ አይቲኤክስ (ትንሽ ማዘርቦርድ የሚይዝ) ኬዝ ውስጥ ፕሮሰሰሩንና ግራፊክስ ካርዱን በአንድ የውሃ ሉፕ (ውሃው በቱቦ እየዞረ ሙቀቱን ወደ ራዲያተር የሚወስድበት ዑደት) ማቀዝቀዝ ፈልጌያለሁ። ገና ምንም አልገዛሁም፤ የምትሉት ሁሉ ሊቀየር ይችላል። ልኬቶቹን በካሊፐር ነው የወሰድኳቸው።

የኬዙ ውስጥ ርዝመት 340 ሚሜ፣ ቁመት 262 ሚሜ፣ ወርድ 165 ሚሜ። ከማዘርቦርዱ ገጽ እስከ ጎን ያለው የራዲያተር መያዣ 130 ሚሜ ነው። ባለ አንድ ስሎት ብሎክ (ቺፑ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን ለውሃው የሚሰጥ ክፍል) ያለው ካርድ ሲገባ፣ ከካርዱ ሆድ እስከ ወለሉ 54 ሚሜ ይቀራል። ኤስኤፍኤክስ (አነስ ያለ መጠን) ፓወር ሰፕላዩ ከፊት ነው የሚቆመው፤ በእሱና በማዘርቦርዱ ጠርዝ መካከል 106 ሚሜ ክፍተት አለ። እዚያ ቦታ ላይ ከካርዱ በላይ ያለው ቁመት 175 ሚሜ ነው። ከኋላ አንድ 92 ሚሜ ፋን ይገባል።

ያሰብኩት፦

– ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ
– አርቲኤክስ 4070 ቲአይ ከባለ አንድ ስሎት ብሎክ ጋር
– ጎን ላይ 240 ራዲያተር 45 ሚሜ ውፍረት፣ 25 ሚሜ ፋኖች
– ታች 240 ራዲያተር 30 ሚሜ፣ 25 ሚሜ ፋኖች
– ዲ5 የሚባለው የውሃ ፓምፕ፣ በላዩ 100 ሚሜ የውሃ ታንክ
– 14 ሚሜ ፒኢቲጂ (ፕላስቲክ) ጠንካራ ቱቦ

ይገባል? ውሃው በየትኛው ቅደም ተከተል ቢዞር ይሻላል? ሁለቱ ራዲያተሮች ለሁለቱ ክፍሎች ይበቃሉ?

#2 ሚሊሜትር

ወንድሜ፣ ልኬት ይዘህ መምጣትህ ትልቅ ነገር ነው። እንደምረው።

ጎን። የኤኤም5 (ያንተ ፕሮሰሰር የሚቀመጥበት ሶኬት) ፕሮሰሰር ክዳን ከቦርዱ ገጽ 8 ሚሜ ያህል ከፍ ይላል። ብሎኩ 25 ሚሜ ይጨምርበታል። ከብሎኩ ላይ የሚነሳው ባለ 90 ዲግሪ ፊቲንግ (የቱቦ ማያያዣ) ደግሞ 30 ሚሜ ያህል ይፈልጋል። ድምር 63። ከ130 ሲቀነስ 67 ይቀራል፤ አንተ ያሰብከው ግን 45 + 25 = 70 ነው። አይገባም። 30 ሚሜ ራዲያተር ከ25 ሚሜ ፋን ጋር 55 ስለሆነ ይገባል፣ 12 ሚሜም ይተርፋል። ያንን 12 ሚሜ በሌላ እቃ ልሙላው እንዳትል። ባለ 24 ፒኑ ገመድ የሚያልፍበትና አየሩ የሚተነፍስበት እሱ ነው።

ታች። 30 + 25 = 55፣ ያለህ 54። በ27 ሚሜ ራዲያተር ብትቀይረው 52 ይሆንና ይገባል፤ ግን ከራዲያተሩ የሚወጣው አየር ከ2 ሚሜ በኋላ ካርዱን ይመታል። ፋኑ ይጮሃል፣ አየር ግን አያልፍም። እዚህ ቦታ ላይ 27 ሚሜ ራዲያተር ከ15 ሚሜ ቀጭን ፋን ጋር አድርግ። 42 ይሆናል፣ 12 ሚሜ ለአየር መውጫ ይቀራል። ቀጭን ፋን በወረቀት ላይ ከ25 ሚሜው ያንሳል፤ መተንፈሻ የሌለው 25 ሚሜ ግን ከእሱም ያንሳል።

ርዝመት። «240» የሚለው ቁጥር የሁለቱ ፋኖች ርዝመት ብቻ ነው። የራዲያተሩ ጫፎች ሲጨመሩ ከ270 እስከ 285 ሚሜ ይደርሳል። 277 ብለን ብንወስድ ከ340ው 63 ሚሜ ይቀርሃል። የራዲያተሩን አፍ ወደ ፊት፣ ካርዱ ወደማይደርስበት ጫፍ አዙረው። ወደ ኋላ ካዞርከው ፊቲንጉ ከካርዱ ሆድ ጋር ይጋጫል።

ፓምፕ። 106 ሚሜው በሙሉ ያንተ አይደለም። የፓወር ሰፕላዩ ገመዶች ለመታጠፍ ከ35 እስከ 40 ሚሜ ይወስዳሉ። 66 ሚሜ ያህል ቀረህ። ዲ5 ከ100 ሚሜ ታንክ ጋር በወርድ ምናልባት ይገባ ይሆናል፤ ከ175 ሚሜው ቁመት ግን ያልፋል። ዲዲሲ የሚባለው ሌላው ዓይነት ፓምፕ 62 ሚሜ በ62 ሚሜ፣ ቁመቱም 38 ሚሜ ገደማ ነው፤ አጭር ታንክ ላዩ ላይ ሲደረግ እዚያ በደንብ ይቀመጣል።

ሌላ ነገር ከመግዛትህ በፊት ራዲያተሮቹን፣ ፋኖቹንና ፓምፑን በካርቶን ቆርጠህ ኬዙ ውስጥ አስቀምጣቸው። ፊቲንጎቹንም ጭምር። ቦታ የሚበሉት እነሱ ናቸው።

#3 ፍሰት

ሚሊሜትር ቦታውን ጨርሶታል፤ እኔ ስለ ሙቀቱ ልናገር።

የ4070 ቲአይ የኃይል ገደብ 285 ዋት ነው። 7800ኤክስ3ዲ በወረቀት 120 ዋት ቢባልም፣ ሁሉም ኮሮች ሲሠሩ በተግባር ከ90 ዋት ብዙም አያልፍም፤ በጨዋታ ላይ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ፓምፑም የራሱን ከ10 እስከ 18 ዋት ውሃው ውስጥ ይጨምራል። በጠቅላላ ከ370 እስከ 390 ዋት ብለህ ያዝ።

ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ግምት አለ፦ አንድ 120 ሚሜ ራዲያተር፣ ፋኑ ሳይጮህ፣ ውሃው ከክፍሉ አየር 10 ዲግሪ ሲበልጥ ወደ 100 ዋት ያስወግዳል። ያንተ ራዲያተሮች ቀጫጭን ስለሆኑ ከዚያ በታች ገምት። አራት 120 አለህ። ስለዚህ ሙሉ ጭነት ላይ ውሃው ከክፍሉ አየር ከ12 እስከ 16 ዲግሪ ሞቆ ይረጋል። ለ17 ሊትር ኬዝ ይህ ጥሩ ውጤት ነው። ይበቃሉ ወይ ላልከው፣ አዎ ይበቃሉ። 10 ዲግሪ ብቻ ይሁን ብለህ ከጠበቅክ ግን ፋኖቹን እያስጮህክ ትኖራለህ።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ ሂሳቡ ይኸው። አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4186 ጁል ያስፈልጋል። ውሃው በደቂቃ 1 ሊትር ቢፈስስ፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ 70 ዋት ይሸከማል ማለት ነው። 370 ዋት ሲገባበት በሉፑ ውስጥ በጣም ሞቃቱና በጣም ቀዝቃዛው ቦታ የሚለያዩት በ5.3 ዲግሪ ነው። በደቂቃ 2 ሊትር ሲሆን ልዩነቱ ወደ 2.7 ይወርዳል። ስለዚህ «መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ ነው ወይስ ካርዱ» የሚለው ክርክር የአንድ ወይም የሁለት ዲግሪ ጉዳይ ነው። ቱቦው አጭርና መታጠፊያው ጥቂት የሚሆንበትን መንገድ ምረጥ። የማይጣስ ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ ታንኩ ከፓምፑ መግቢያ በፊትና ከፍ ብሎ ይሁን። ዲ5ም ዲዲሲም ዘንጋቸውን የሚያለሰልሰው ውሃው ራሱ ነው፤ በደረቅ ከዞሩ ይበላሻሉ።

ከፍሰት ከ60 እስከ 120 ሊትር በሰዓት ካገኘህ ይበቃሃል። ከ200 በላይ ለመድረስ መድከም ድምፅ ከመጨመር በቀር የሚያመጣው ጥቅም ትንሽ ነው።

#4 ዝምታ_ይሻላል

የአየሩ አቅጣጫ እስካሁን አልተነሳም፤ እዚህ ኬዝ ላይ ግን ከፓምፕ ምርጫው ይበልጣል።

አንዱ ራዲያተር አየር ሲያስገባ ሌላው ሲያስወጣ፣ ሁለተኛው የሚያገኘው በመጀመሪያው የሞቀ አየር ነው። ሁለት ፋኖች በራዲያተር ውስጥ በድምሩ 120 ሜትር ኩብ በሰዓት ቢያሳልፉና ራዲያተሩ 180 ዋት ቢሰጣቸው፣ አየሩ 4.5 ዲግሪ ሞቆ ይወጣል። ያ ልዩነት በቀጥታ ሁለተኛው ራዲያተር ላይ ይጨመራል። ስለዚህ ሁለቱንም ራዲያተሮች አስገቢ አድርጋቸው፣ የኋላው 92 ሚሜ ያስወጣ፣ የላዩ ክዳን ቀዳዳ ያለው ከሆነ በራሱ ይተንፍስ። ትርፉ አየር መውጫውን ራሱ ያገኛል፣ አቧራም በማጣሪያው በኩል ብቻ ይገባል።

ሁለቱም አስገቢ ሲሆኑ ኬዙ ውስጥ ያለው አየር ሞቃት ነው። ውሃ የማይነካቸው ክፍሎች፣ በተለይ ከማዘርቦርዱ ጀርባ ያለው ኤም.2 (ቀጭን ማከማቻ) ድራይቭ፣ ያንን ይቀበላሉ። ከጀርባ ያለውን ድራይቭ በተርማል ፓድ (ሙቀት አስተላላፊ ለስላሳ ንጣፍ) ከብረቱ ትሪ ጋር አገናኘው፤ ወይም ብዙ የሚጻፍበትን ድራይቭ ከፊት ባለው ስሎት አድርገው።

የፋኖቹን ፍጥነት በፕሮሰሰሩ ሙቀት አታስተዳድር። ፕሮሰሰሩ በአንድ ሰከንድ 20 ዲግሪ ዘሎ ይመለሳል፣ ፋኖቹም አብረው ይነሳሉ፣ ይወርዳሉ። ጂ 1/4 ጥርስ ያለው የውሃ ሙቀት ሴንሰር አስገባ። ባለ ሁለት ፒን 10 ኪሎ ኦም የሚባለው ነው። ማዘርቦርድህ ላይ ለሙቀት ሴንሰር የተሠራ ባለ ሁለት ፒን ማገናኛ መኖሩን ከመግዛትህ በፊት አረጋግጥ፤ ብዙ ሚኒ አይቲኤክስ ቦርዶች የላቸውም። ከሌለ ትንሽ የፋን መቆጣጠሪያ ትፈልጋለህ። መነሻ የሚሆንህ፦ ውሃው 30 ዲግሪ ሲሆን 35 በመቶ፣ 40 ሲሆን 60 በመቶ፣ 48 ሲሆን 100 በመቶ።

#5 ጠባቡ_ኬዝ

በጣም አመሰግናለሁ። የጎኑን ወደ 30 ሚሜ፣ የታቹን ወደ 27 ሚሜ ከ15 ሚሜ ፋን ጋር ቀየርኩ። ሁለቱም አስገቢ ይሆናሉ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ዲዲሲ ይጮሃል፣ ይሞቃል ሲባል እሰማለሁ፤ በአጭር ታንክ ዲ5 ማድረግ አይሻልም? ጠንካራ ቱቦስ እዚህ ውስጥ ይሠራል?

#6 ጥቁር_ቱቦ

ከቱቦው ልጀምር። ጠንካራውን እዚህ ኬዝ ውስጥ አልመክርም።

ጠንካራ ቱቦ ሲታጠፍ መታጠፊያው በሁለቱም ጎን ቢያንስ ከ20 እስከ 30 ሚሜ ቀጥ ያለ ቁራጭ ይፈልጋል፣ ፊቲንጉ የሚይዘው እሱን ነው። ከፓምፑ እስከ ፕሮሰሰሩ ያለህ ርቀት ራሱ ያን ያህል ነው። ስለዚህ በመታጠፍ ፈንታ በ90 ዲግሪ ፊቲንግ ትሞላዋለህ፤ እያንዳንዱ ፊቲንግ ደግሞ ተጨማሪ ጎሚኒ፣ ተጨማሪ የማፍሰስ ዕድል ነው። ሌላው፣ ፒኢቲጂ ሙቀት ላይ ደካማ ነው። ውሃው 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምርና ከፊቲንጉ ሊንሸራተት ይችላል። ትንሽ ሉፕ ውሃው ጥቂት ስለሆነ ፋን ወይም ፓምፕ ሲቆም ቶሎ ይሞቃል። ጠንካራ ካልሆነ አይሆንም ካልክ አክሪሊክ ይሻላል፣ ሙቀትን የበለጠ ይችላል። ሲቆረጥ ግን ይሰነጠቃል፤ ጥሩ መጋዝና ትዕግሥት ይጠይቃል።

ለስላሳ ቱቦ ስትመርጥ ሁለት ቁጥር ታያለህ፣ የውስጥና የውጪ ዲያሜትር። 10/13 ቀጭን ነው፣ ፊቲንጉም 18 ሚሜ ገደማ ስለሆነ በጠባብ ቦታ ይገባል፤ ግን ግድግዳው 1.5 ሚሜ ብቻ ስለሆነ በአጭር መታጠፊያ ላይ ይታነቃል። 10/16 ግድግዳው 3 ሚሜ ነው፣ በደንብ ይታጠፋል፣ ፊቲንጉ ግን 21 ሚሜ አካባቢ ይሰፋል። የካርዱ ብሎክ ሁለት አፎች ተቀራርበው ስለሚቀመጡ 21 ሚሜው ጎን ለጎን መግባቱን ከብሎኩ ስዕል ላይ ለካ።

ዓይነቱን በተመለከተ ጥቁሩን ኢፒዲኤም ጎማ ውሰድ። ግልጽ ፒቪሲ ቱቦ ለስላሳ የሚያደርገው ኬሚካል ከጊዜ በኋላ ወደ ውሃው ይወጣና እንደ ነጭ ሙጫ ሆኖ በብሎኩ ቀጫጭን ቦዮች ላይ ይቀመጣል። ሙቀት ሲበዛ ይፈጥናል። ኢፒዲኤም ውስጡን አያሳይህም፣ ግን በዓመታት ውስጥ አይጨማለቅም።

ስትቆርጥ ከለካኸው ከ5 እስከ 10 ሚሜ አስረዝም። የተወጠረ ቱቦ ፊቲንጉን በጎን ይጎትታል፣ ማፍሰስ የሚጀምረውም በዚያ በኩል ነው። በመቀስ አትቁረጥ፣ ጫፉ ጠማማ ይሆናል፤ የቱቦ መቁረጫ ርካሽ እቃ ነው።

#7 ሚሊሜትር

ዲዲሲ እላለሁ። ባለ 18 ዋቱ ከ5 ሜትር በላይ ከፍታ ይገፋል፣ ዲ5 4 ሜትር ገደማ ነው። ጠባብ ሉፕ በ90 ዲግሪ ፊቲንግ የተሞላ ስለሆነ የሚያስፈልገው ግፊት ነው። ዲ5 በሰዓት 1500 ሊትር ይደርሳል የሚባለው ምንም ሳይከለክለው ነው፤ እዚህ ያ ቁጥር ትርጉም የለውም።

#8 ፍሰት

በግፊቱ እስማማለሁ፣ በድምፁ ግን ልለይ። ዲ5 ሞተሩን ውሃው ዙሪያውን ስለሚያቀዘቅዘው በ2200 ዙር ቀስ ብሎ ሲዞር አይሰማም፣ ሙቀትም አያስጨንቀውም። የዲዲሲ ኤሌክትሮኒክስ ከታች ነው፣ ሙቀቱንም የሚሰጠው ለታችኛው ሽፋን ነው። ከታቹ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ሳይኖረው፣ አየር በማይደርስበት ጥግ ከታጨቀ ዕድሜው ያጥራል።

ጠባቡ፣ ዲ5ን በአጭር ታንክ በ175 ሚሜ ውስጥ ማስገባት ከቻልክ እሱን አስብ። ካልቻልክ ባለ 10 ዋቱን ዲዲሲ ውሰድ፣ 18 ዋቱን አይደለም። ለሁለት ብሎክና ለሁለት ቀጭን ራዲያተር ይበቃል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። ከታቹ ማቀዝቀዣ አድርግለት፣ ከለስላሳ ላስቲክ ላይ አስቀምጠው፤ በብረት ላይ በቀጥታ ከታሰረ ኬዙ ሁሉ ይርገበገባል።

ኃይሉን ከፓወር ሰፕላዩ አምጣለት እንጂ ከማዘርቦርዱ የፋን ማገናኛ አይደለም፤ ማገናኛው ብዙውን ጊዜ 1 አምፔር ብቻ ነው የሚችለው። ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደው የፍጥነት ምልክቱ ገመድ ብቻ ነው። ባዮስ ውስጥ ፍጥነቱ ወደ ዜሮ ሲወርድ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ አድርገው።

#9 ሚሊሜትር

ባለ 10 ዋቱ ይሁን፤ ማቀዝቀዣው የሚጨምረው ቁመት ከ175ቱ ውስጥ ተሰልቶ።

#10 ናስና_መዳብ

ማንም ሳያነሳው እንዳያልፍ፦ ብረቶቹ።

ራዲያተሮቹ መዳብና ናስ መሆናቸውን ከዝርዝሩ ላይ አንብብ። በፋብሪካ ተሞልተው የሚሸጡ ማቀዝቀዣዎች ራዲያተር አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ «ትርፍ አለኝ» ብለህ ከመዳብ ብሎክ ጋር እንዳትቀላቅለው። ሁለቱ በአንድ ውሃ ውስጥ ሲሆኑ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ የተበላውም ብናኝ ሆኖ ብሎኩን ይደፍናል። ዝገት መከላከያው ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። መዳብ፣ ናስና ኒኬል የተቀባ መዳብ አብረው ይኖራሉ። ፊቲንጎችንም ተመልከት፤ በጣም ርካሾቹ አሉሚኒየም ሊሆኑ ይችላሉ።

አዲስ ራዲያተር ውስጥ የብየዳ ቅሪት አለ። በሞቀ የተጣራ ውሃ ግማሹን ሞልተህ አፎቹን ዝጋ፣ ለሁለት ደቂቃ በደንብ ነቅንቅ፣ በነጭ ዕቃ ውስጥ አፍስሰህ እይ። ብናኝ መውጣቱ እስኪያቆም ድገመው። ይህን የዘለለ ሰው ብናኙን የሚያገኘው በፕሮሰሰሩ ብሎክ ውስጥ ነው፤ እዚያ ያሉት ቦዮች ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ናቸው።

ፈሳሹ ቀለም የሌለው፣ ዝገት መከላከያና አልጌ ገዳይ ያለው ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ይሁን። እንደ ወተት የሚመስሉት ባለ ቀለም ፈሳሾች ቀለማቸው ተንሳፋፊ ብናኝ ነው፤ ፍሰቱ ቀዝቀዝ በሚልበት ቦታ ይዘቅጣሉ። ለጠባብ ሉፕ አይሆኑም። ኒኬል የተቀባ ብሎክ ካለህ መዳብ ሰልፌት ያለበትን አልጌ ገዳይ ተው።

አሁን በጣም አስፈላጊው፦ ቪቴው። ከ25 ሚሜ ፋን ጋር የሚመጣው ቪቴ 30 ሚሜ ነው፣ 5 ሚሜ ወደ ራዲያተሩ ይገባል። ያንኑ 30 ሚሜ ቪቴ በታቹ 15 ሚሜ ፋን ላይ ካሠራኸው 15 ሚሜ ይገባና የራዲያተሩን ቱቦ ይበሳል። ለ15 ሚሜ ፋን 20 ሚሜ ቪቴ ግዛ። አንዳንድ ራዲያተር ከቀዳዳው ሥር መከላከያ ሳህን አለው፣ አንዳንዱ የለውም፤ በእሱ አትመን። ጥርሱም ይለያያል፦ ኤም3 የሆነ አለ፣ ኤም4 አለ፣ 6-32 የሚባለውም አለ። በጣት ጀምረህ የማይገባ ከሆነ በካቻቪቴ አታስገድደው።

#11 ጠባቡ_ኬዝ

የቪቴው ነገር በጭራሽ አልታሰበኝም ነበር፣ ተባረክ ወንድሜ።

በካርቶን ሞክሬ እንዲህ ሆኗል። መንገዱ፦ ፓምፕ → ፕሮሰሰር → የጎን ራዲያተር → ግራፊክስ ካርድ → የታች ራዲያተር → ታንክ። አምስት ቱቦ፣ 10 የ10/16 ፊቲንግ። ባለ 90 ዲግሪ ደግሞ 4፣ አንድ መጠባበቂያ ጨምሬ 5። ዲዲሲ 10 ዋት ከአጭር ታንክና ከታች ማቀዝቀዣው ጋር፤ ኢፒዲኤም 2 ሜትር። የሙቀት ሴንሰሩ በጎኑ ራዲያተር ትርፍ አፍ ላይ ይገባል። ለፕሮሰሰሩ ኢኮ ሞድ (የኃይል ገደቡን የሚቀንስ ቅንብር) እከፍታለሁ።

ምን ጎደለ?

#12 ቀዝቃዛዋ

ማፍሰሻ ጎደለህ። የታችኛው ራዲያተር ከሉፑ ሁሉ ዝቅተኛው ነጥብ ስለሆነ ቦታው እሱ ነው። ሦስተኛ አፍ ካለው ትንሽ ቫልቭና ከውጪ መዝጊያ ቡሽ አድርግበት። ከሌለው በመውጫው ላይ ባለ ሦስት አፍ ፊቲንግ ጨምር። ፈሳሽ ስትቀይር ቫልቩን ከፍተህ የታንኩንም ክዳን ክፈት፤ ከላይ አየር ካልገባ ከታች ውሃ አይወርድም። ማፍሰሻ የሌለው ጠባብ ሉፕ ሲጠገን ቱቦ የሚነቀለው ከፓወር ሰፕላዩ በላይ ነው፤ ይህን አታድርገው።

ስለ ካርዱ ብሎክም ልጨምር፣ ብዙው ችግር የሚመጣው ከዚያ ነው። ብሎኩ የሚሠራው ለአንድ የተወሰነ የካርድ ሞዴል ነው። «4070 ቲአይ» መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ የአምራቹና የሞዴሉ ስም ከብሎኩ ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት። ተርማል ፓዶቹን በመመሪያው በተጻፈው ውፍረት ብቻ አድርግ። 1 ሚሜ በሚለው ቦታ 1.5 ሚሜ ብታደርግ ብሎኩ በፓዶቹ ላይ ይንሳፈፍና ቺፑን አይነካም። ቪቴዎቹን በቺፑ ዙሪያ ካሉት ጀምረህ በመስቀልያ፣ እያንዳንዱን በጥቂት በጥቂቱ አጥብቅ። ከተገጠመ በኋላ የካርዱን አማካይ ሙቀትና የሞቃቱን ነጥብ ንባብ አወዳድር፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ልዩነት የተለመደ ነው፣ ከ25 ካለፈ ብሎኩ በትክክል አልተቀመጠም።

ከፕሮሰሰሩ ግን ተአምር አትጠብቅ። 7800ኤክስ3ዲ ሙቀቱ የሚወጣበት ቺፕ ትንሽ ነው፣ ክዳኑም ወፍራም ነው። ውሃው 38 ዲግሪ ሆኖ ፕሮሰሰሩ ሙሉ ጭነት ላይ 75 ቢያሳይ ምንም አልተበላሸም። ካርዱ በተመሳሳይ ውሃ ከ50 እስከ 55 ቢቆም ሉፑ በደንብ እየሠራ ነው።

የኢኮ ሞዱ ሐሳብ ጥሩ ነው። 65 ዋት የሚለውን ስትመርጥ ትክክለኛው ገደብ 88 ዋት ይሆናል። ትልቁን ትርፍ የምታገኘው ግን ከካርዱ ነው፤ አንደርቮልት አድርገህ (ቮልቴጁን ቀንሰህ) 285ቱን ወደ 220 ብታወርደው የፍጥነት ኪሳራው ትንሽ ነው። ውሃው ውስጥ ያልገባ ሙቀት ራዲያተር አይጠይቅም።

#13 ጠባቡ_ኬዝ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማፍሰሻው ተጨምሯል። አሁን የፍተሻውንና የመሙላቱን ቅደም ተከተል የሚነግረኝ ካለ። ውሃ ከገባ በኋላ አረፋውን ማስወጣት ነው ያሳሰበኝ።

#14 ፍሰት

መጀመሪያ በአየር፣ ከዚያ በውሃ።

መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ በታንኩ አፍ ላይ ግጠም፣ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ሙላ፣ 30 ደቂቃ ጠብቅ። ታንኩ የሚችለውን ግፊት ከመመሪያው እይ እንጂ ከፍ አታድርገው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መርፌው ትንሽ ሊወርድ ይችላል፣ የተጨመቀው አየር ስለሚቀዘቅዝ ነው፤ እንደገና አስተካክለህ ጠብቅ። መውረዱን ከቀጠለ ሉፑን በመካከል ከፍለህ እያንዳንዱን ግማሽ ለየብቻ ፈትን። ጥፋተኛው ብዙውን ጊዜ ከቦታው የወጣ ጎሚኒ ነው። ፊቲንጉን በእጅ እስኪቆም አጥብቀህ ከሩብ ዙር በላይ አትጨምር፤ በቁልፍ የተጠበቀ ፊቲንግ ጎሚኒውን ይጨፈልቃል፣ የአክሪሊኩንም ጥርስ ይሰነጥቃል።

አየሩ ከያዘ ወደ ውሃው። ከማዘርቦርዱም ከካርዱም የኃይል ገመዶችን ሁሉ ንቀል፣ ፓምፑ ብቻ ይቅር። ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው ለማስነሳት ለዚያ የተሠራ መሰኪያ አለ፤ ባለ 24 ፒኑ ላይ 16ኛውን ፒን ከ17ኛው ጋር ያገናኛል። የኤስኤፍኤክስ ገመዶች አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ጥቁር ስለሆኑ በቀለም አትመራ። ከየፊቲንጉ ሥር ነጭ የወረቀት ፎጣ አድርግ።

ታንኩን ሙላ፣ ፓምፑን ለሦስት አራት ሰከንድ አስነሳ፣ ታንኩ ባዶ ከመሆኑ በፊት አጥፋ፣ ድገም። ታንክህ አጭር ስለሆነ ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ውሃው ዞሮ ሲመለስ ፓምፑን ለቀቅ አድርገህ ኬዙን ቀስ ብለህ አዘንብል። ያንተ የጎን ራዲያተር በጠርዙ የቆመ ስለሆነ አየሩ በላይኞቹ ቦዮች ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ አፎቹ ያሉበት ጫፍ ወደ ላይ እንዲሆን ኬዙን አንሳውና ለአንድ ደቂቃ ያዘው፣ ከዚያ መልሰው። ፓምፑን ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ፍጥነት እያፈራረቅህ ሞክር፤ በአንድ ፍጥነት ብቻ ከተወው የተጣበቀው አረፋ አይነቀልም። በፓምፕ ውስጥ እንደ ጠጠር የሚንኳኳ ድምፅ ካለ አየር ገና አለ።

በዚህ ሁኔታ ቢያንስ ለ12 ሰዓት ይዙር። ፎጣዎቹ ደረቅ ከሆኑ ገመዶቹን መልስ።

#15 ቀዝቃዛዋ

ታንኩን እስከ አፉ አትሙላው። ውሃ ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ሲሞቅ በ1 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ 600 ሚሊ ሊትር ባለው ሉፕ 6 ሚሊ ማለት ነው። ከላይ 10 ሚሜ አየር ተውለት።

#16 ናስና_መዳብ

አንድ ሊትር ፈሳሽ ግዛ፣ የሚተርፈው ለመሙያ ይሆናል፤ ኢፒዲኤምም ቢሆን በወራት ውስጥ ጥቂት ውሃ ያስተነፍሳል። ለማጠቢያ የተጣራ ውሃ ደግሞ ቢያንስ 5 ሊትር ያዝ። ፈሳሹ በየዓመቱ ይቀየር። ስትቀይር የፕሮሰሰሩን ብሎክ መስኮት በብርሃን እይ፤ በቦዮቹ መካከል ነጠብጣብ ካየህ ክፈተውና በለስላሳ ብሩሽ አጽዳው። ክዳኑን ስትመልስ ጎሚኒው በጎድጓዳው ውስጥ ዙሪያውን መቀመጡን እይ፣ ከዚያ የአየሩን ፍተሻ እንደገና አድርግ።

#17 ጠባቡ_ኬዝ

ዝርዝሩ ተዘግቷል፦ 30 ሚሜ እና 27 ሚሜ ራዲያተር፣ ሁለት 25 ሚሜና ሁለት 15 ሚሜ ፋን፣ 8 ባለ 30 ሚሜና 8 ባለ 20 ሚሜ ቪቴ፣ ዲዲሲ 10 ዋት፣ 10/16 ኢፒዲኤም፣ ቫልቭ፣ ሴንሰር፣ የአየር መፈተሻ። የካርዱን ሞዴል ከብሎኩ ዝርዝር ጋር አስተያይቻለሁ፣ አለ። የቪቴውን ጥርስ ራዲያተሮቹ ሲደርሱ አይቼ እገዛለሁ።